«ምች መታኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው? (ጥያቄና መልስ፣ ባሕር ዳር)

መልስ ሰጪው በላቦራቶሪ ሙያ ብዙ ዓመት ያገለገሉ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ጋሼ፣ ከቡና ለቀማ ስመለስ ራሴን አመመኝ፤ ሰውነቴንም ቆረጣጠመኝ። እናቴ ምች ነው አለችኝ፤ ሐኪሙ ግን እንዲህ የሚባል በሽታ የለም አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። «ምች መታኝ» እንላለን እንጂ «ምች ታመምኩ» አንልም፤ ቃሉ የሚናገረው ወጥ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ ፀሐይ ላይ ወጣን፣ እሷም መታችን ስለሚለው ምክንያት እንጂ በደማችን ውስጥ ስላለው ነገር አይደለም። በዚያው ስም ራስ ምታቱንም፣ ትኩሳቱንም፣ ከንፈር ላይ ችፍ የሚለውን ቁስልም እንጠራለን። የከንፈሩን ምች የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ብርቱ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ሲቀሰቅሰው ይወጣል። እናቶቻችን ፀሐይን የጠረጠሩት በከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ትኩሳቱ ራሱ የወባ ሊሆን ይችላል፤ ከንፈሩ የፈነዳ፣ ግንባሩ ላይ የዳማከሴ ቅጠል የተለጠፈበት ሰው ጣቱን ወግቼ ከደሙ የወባ ተውሳክ ያየሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። ትኩሳት ካለ ደም ይታይ።

ጥያቄ፦ ዳማከሴ ያድናል?

መልስ፦ የቅጠሉን ነገር አዋቂዎቹን ይጠይቁ። ትኩሳት ካለ ደም ይታይ።

አንድ አባል፦ ታሽቶ ጭማቂው በቡና ይጠጣል።

ሌላ አባል፦ በእኛ በኩል ይሸተታል፣ ገላም ይቀባል እንጂ አይጠጣም። ቡና ውስጥ የሚገባው ጤና አዳም ነው።

የመጀመሪያው፦ ጤና አዳምማ ለሆድ ቁርጠት ነው፤ ከምች ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እባካችሁ፣ የቡናውን ክርክር ለቡናው ሰዓት አቆዩት።

ጥያቄ፦ ምች ይተላለፋል?

መልስ፦ የከንፈሩ፣ አዎ፤ በመሳሳም ጭምር። ቁስሉ እያለ አራስ ሕፃን አይሳም።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን አንዘፍዝፎኝ በማግስቱ የሚተወኝ፣ ከዚያ ደግሞ የሚመለስስ ምች ነው?

መልስ፦ አባቶቻችን ለዚህ የተለየ ቃል ነበራቸው፤ «ንዳድ» ይሉታል፣ «ነደደ» ከሚለው ግሥ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በየ48 ሰዓቱ እየተመላለሰ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ጉበት ውስጥም ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ሰው «ምቹ አገረሸብኝ» ይላል። ፋልሲፓረም የሚባለው ግን ፋታ አይሰጥም፤ ሳይታከም ከቆየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ የጣና ዳር ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ «ምች ነው፣ ይለፍልኝ» ብሎ መተኛት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ እኔንም ምች ሳይመታኝ አልቀረም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትኩሳት አለዎት? ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ? ይህን ሳይነግሩኝ ምን ልበል? ከላይ የጻፍኩትን ያንብቡ።

ጠያቂው፦ አለኝ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

መልስ፦ እንግዲያውስ ስልኩን ያስቀምጡና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።