ዲግሪ ይዤ ጀበና ልሽጥ? ለአንዲት ሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። እናቴ ቀጨኔ ተወልዳ ያደገች ሸክላ ሠሪ ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ በሰፈራችን ሜዳ የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ፌስቲቫል ይደረጋል፤ የሁለት ሜትር ጠረጴዛ ተሰጥቶኛል። ምን ያህል ሠርቼ፣ በስንት ልሽጥ? ይሄስ ሥራ ተብሎ ይያዛል ወይ? አብረውኝ የተማሩት ቢያዩኝ ምን እላለሁ?»

ውድ እህታችን፣ ፌስቲቫሉ የአንድ ቀን ነገር ነው። ያን ቀን ሁሉንም ሸጠሽ ብትመለሺ እንኳ ሥራ አገኘሁ ማለት አትችዪም። ሥራ የሚሆንልሽ የገዛው ዕቃ ሲሰበርበት ወይም ሌላ ሲያስፈልገው አንቺን ፈልጎ የሚመጣ ደንበኛ ስታገኚ ነው። ስለዚህ ምን ልሥራ ከማለትሽ በፊት ማን ተመልሶ ይገዛኛል ብለሽ አስቢ።

በእናንተ አካባቢ ተመላልሶ የሚገዛ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛዋ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላዋ ናት፤ ጀበናዋ ቀኑን ሙሉ ከከሰል ስለማይወርድ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው የሽሮ ቤት ባለቤት ነው፤ የሽሮ ድስት ከእሳት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ እየተመላለሰ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ሸክላ ጥብስ የሚያቀርበው ሥጋ ቤት ነው። ለቤቱ ጌጥ የሚሆን ትልቅ ማሰሮ የሚገዛ እንግዳ ደስ ይላል፣ ጥሩም ይከፍላል፤ ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ ይሄዳል።

ስለዚህ 44 ዕቃ ይዘሽ ብትወጪ ይበቃል፦ የዘጠኝ ስኒ ጀበና 10፣ የስድስት ስኒ 8፣ የሽሮ ድስት 12፣ የዕጣን ማጨሻ 10፣ የሸክላ ጥብስ ማቅረቢያ 4። ምጣድ አትያዥ፤ ቦታ ይወስዳል፣ በጉዞ ይሰነጠቃል፣ ገዢውም ተሸክሞ መዞር አይፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ከ15 ዕቃ በላይ አትደርድሪ፤ ሌላው ከሥር በካርቶን ይቀመጥ። ሸክላ ተጠጋግቶ ሲደረደር ሰው እንዳይሰብር ይፈራና እጁን ይሰበስባል፤ ያላነሳውን ደግሞ አይገዛም።

አሁን ሐምሌ መግቢያ ላይ ነን፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ያህል አለሽ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ክረምት ነው። በበጋ በሳምንት የሚደርቀው በሐምሌ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እንጨቱም እርጥብ ነው። ሁሉንም ለመጨረሻ ጊዜ አታቆዪ፤ በሦስት ዙር ተኩሱት፦ የመጀመሪያውን አሥር ዕቃ እስከ ነሐሴ 1፣ ሁለተኛውን እስከ ነሐሴ 20፣ የቀረውን እስከ መስከረም 5። የመጀመሪያው ዙር ጭቃችሁንና እሳታችሁን የምትፈትኑበት እንጂ የምትሸጡት አይደለም።

እናትሽ ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል። አንቺ ግን ለገዢ ማስረዳትና ሲበላሽም ምክንያቱን መለየት ስላለብሽ በቃል ብታውቂው ይጠቅምሻል። አፈሩ ደርቆ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያ የተፈጨ ገል፣ ማለትም የተሰበረ ሸክላ ዱቄት፣ ይጨመርበታል። ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ገል ጥሩ መነሻ ነው፤ እሳት ላይ ለሚውል ድስት ትንሽ ከፍ ይላል። ገሉ ጭቃው ሲደርቅ ከመጠን በላይ እንዳይኮማተር ይይዘዋል፤ በእሳት ጊዜ ደግሞ ለእንፋሎት መውጫ ይሰጠዋል። አፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ካለ ተጠንቀቁ፤ ሲተኮስ ምንም አይመስልም፣ ከቀናት በኋላ ግን ከአየሩ እርጥበት ስቦ ያብጥና የጀበናውን ፊት ገፍቶ ያስቦጭቀዋል። ይህ የሚደርሰው ደንበኛሽ ቤት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ከወንፊቱ ላይ የቀረውን ጠጠር ሎሚ ጨምቂበት፣ አረፋ ከሠራ ኖራ አለበት፤ አፈሩን በቀጭን ወንፊት ደግመሽ ንፊ ወይም ሌላ ቦታ ቆፍሩ።

ጀበና ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበትና እጀታው በተለጠፈበት ነው። አንገቱና እጀታው ቀጭን ስለሆኑ ቀድመው ደርቀው ይኮማተራሉ፤ ሆዱ ገና እርጥብ ነውና አብሮ አይሸሽም፤ መሐላቸው ይቀደዳል። መጋጠሚያውን ጫር ጫር አድርገሽ በቀጭን ጭቃ አጣብቂ፤ ከዚያ አንገቱንና እጀታውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ ሆዱ እስኪደርስባቸው ጠብቂ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ወጣ ብለሽ ደጅ አታውጪው።

መድረቁን በዓይን አትመኚ። ጀበናውን አንሥተሽ ሆዱን ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ከቀዘቀዘሽ ውስጡ ገና ውኃ አለ፤ ከክፍሉ አየር እኩል ከሆነ ደርቋል። የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት መዝኚው፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ለእሳት ደርሷል። ያልደረቀ ዕቃ እሳት ውስጥ ሲገባ ውኃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ መውጫ ያጣል፣ ዕቃው ይፈነዳል፤ ስብርባሪው ጎን ያሉትንም ይመታል። የደረቀውም ቢሆን መጀመሪያ በትንሽ እሳት ዙሪያ እየተገላበጠ፣ በእጅ ለመያዝ እስኪያቃጥል ቀስ ብሎ ይሙቅ። በክረምት መሬቱ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከሥር ደረቅ ድንጋይና የተሰበረ ሸክላ አንጥፉ። ነፋስ ባለበት ቀን አትተኩሱ፤ የሱሉልታ ሜዳ ነፋስ አንዱን ጎን ሲያነድ ሌላውን ያቀዘቅዛል፣ ዕቃው እዚያው እሳቱ ውስጥ ይሰነጠቃል። እሳቱ ሲበርድም አትቸኩሉ፤ አመዱ ውስጥ ይደር።

ከተኮሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን በጣትሽ ጥፍር ምቺው። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ቀጥሎ ጀበናዎቹን ውኃ ሞልተሽ ጋዜጣ ላይ አሳድሪ። ከስንጥቅ ውኃ አፍስሶ ጋዜጣውን ያራሰ ጀበና ለሽያጭ አይወጣም፤ በቅናሽም ቢሆን። እንዲያብረቀርቅ ብለሽ ቫርኒሽ ወይም የጫማ ቀለም አትቀቢ፤ ከሰል ላይ ሲወጣ ይጨሳል፣ ቡናውም ይሸታል። ማብረቅ ከፈለግሽ ሳይተኮስ በፊት በለስላሳ ድንጋይ ማሸት ነው፤ እናትሽ እንደሚያደርጉት።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ተምረሽ የመጣሽበት ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ በራስሽ ተኪያቸው። ለ20 ጀበና አፈርና ማመላለሻ 600 ብር፣ እንጨትና ኩበት 900 ብር ቢሆን 1,500 ብር ነው። አንዱ ጀበና ከማቡካት እስከ ማሸት በድምሩ 2 ሰዓት ቢወስድ 40 ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱን በ60 ብር ብታስቢው 2,400 ብር። ጠቅላላው 3,900 ብር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በ20 ያካፍልና 195 ብር ወጣልኝ ይላል። ግን ከ20ው 3ቱ ቢሰበሩ የምትሸጪው 17 ነው፤ 3,900ን በ17 ስታካፍዪ 229 ብር ይሆናል። የ34 ብር ልዩነት አለው፤ ባለእጅ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ እጁ ባዶ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ነው። የፌስቲቫሉ ማጓጓዣና ሌላ ወጪ 1,320 ብር ቢሆን በ44 ዕቃ 30 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ከ260 ብር በታች ሸጥሽ ማለት ከራስሽና ከእናትሽ ጉልበት ላይ ቀንሰሽ ሰጠሽ ማለት ነው። በዚህ ስሌት መለያው ላይ 320 ጻፊ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ሲሉሽ ወዲያው አትቀንሺ፤ ሁለት ለሚገዛ ቀንሺ፣ አንድ ለሚገዛ ደግሞ ማቶት (የጀበና ማስቀመጫ) ጨምሪለት። የእናትሽን ሰዓት ከሒሳቡ እንዳታወጪ አደራ። «የቤት ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሰዓት ነው ይህን ሙያ ድሃ ያደረገው።

በጉዞ ጀበናን በእጀታው አትያዥ። አንገቱን በጋዜጣ ሙዪ፣ በካርቶን ውስጥ አፉን ቁልቁል አድርገሽ በጭድ ለያይው። መስከረም ሜዳው ጭቃ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ሸራ አንጥፊ፣ ጨርቁን ከእግሮቹ ጋር እሰሪ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ዝርዝር ያዢ። የቴሌብር ቁጥርሽን በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ፤ ሰው ሲበዛ ግን ኔትወርክ ስለሚዘገይ በእሱ ብቻ አትተማመኚ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ጀበና ውኃ ሞልተሽ፣ ዘጠኝ ስኒ ደርድረሽ ቅጂ። ዘጠኙን ሞልቶ፣ ማፍሰሻው ሳያንጠባጥብ ሲያቆም ከሁሉም ንግግር ይበልጣል። ለገዛ ሁሉ ማሟሸቱን ንገሪ፤ በትንሽ ወረቀትም ስጪ፦ የመጀመሪያ ቀን ውኃና የቡና አተላ አድርጎ በቀስታ እሳት ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልቶ መድፋት፣ በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አለመጨመር። በሳምንቱ ተሰነጠቀብኝ ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ነው።

የትዕዛዝ ደብተር ያዢ፦ ስም፣ ስልክ፣ ዓይነት፣ መጠን በስኒ ወይም በሴንቲ ሜትር፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ቀብድ። ግማሹን ሳትቀበዪ አትጀምሪ። ሳይገዙ የጠየቁትንም ጻፊ፤ አምስት ሰው «ክዳን የለውም?» ካለ ቀጣዩ ዙር ክዳን ይኖረዋል።

ደግሞ ፌስቲቫሉን አትጠብቂ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ባለቤቶቹም ቁጭ ብለው ለማውራት ጊዜ አላቸው። ጾሙ ሲፈታ ዕቃ ማሟላታቸው አይቀርም። በጎጃም መንገድ ዳር ላሉት አንድ ናሙና ይዘሽ ሂጂ፤ የሚጠቀሙበትን ሸክላ ለክተሽ ተመለሺ። ሽሮ ቤቶች በተቃራኒው በዚያን ጊዜ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ እነሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ግቢ። ትልልቅ ቤቶች ደረሰኝ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ትልቅ ትዕዛዝ ከመቀበልሽ በፊት ስለ ንግድ ፈቃድና ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ክፍለ ከተማችሁ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደሽ ጠይቂ።

ሥራ ተብሎ ይያዛል ወይ ላልሽው፣ መልሱ ከደብተሩ ይወጣል። በሰዓት 60 ብር ካሰብሽ፣ በወር 100 ሰዓት የሚያሠራ ትዕዛዝ 6,000 ብር የጉልበት ዋጋ ነው፤ ይህም ወደ 50 ጀበና ገደማ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር በተከታታይ እዚህ ከደረስሽ ሥራ አለሽ። እስከዚያ የሥራ ማመልከቻሽን አታቁሚ፤ ባይሆን የግማሽ ቀን ሒሳብ አያያዝ ፈልጊ፤ ሒሳባቸውን የሚይዝላቸው የሌላቸው ሱቆችና ሆቴሎች በዙሪያሽ አሉ። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት ጭቃ፤ ክረምቱ ሸክላውን ሲያዘገየው ሒሳቡ ይዞሽ ይቆያል።

ስለ ጓደኞችሽ የጻፍሽውን ቀላል አድርገን አላየነውም። በሸክላ ሠሪ ላይ የተነገረው ክፉ ቃል ረጅም ዕድሜ አለው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር ስለጎዳ ነው። እናትሽ በዚያ ቃል መሐል ሠርተው አንቺን ዩኒቨርሲቲ አድርሰዋል። ጠረጴዛው ላይ በካርቶን የእሳቸውን ስምና የአንቺን ስም ጎን ለጎን ጻፊ። የምታውቂው ሰው ከመጣ ጀበናውን አንሺና ቅጂለት፤ ስንት ስኒ እንደሚይዝ፣ አንገቱ ለምን እንደማይሰነጠቅ ንገሪው። እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ጥሬ ጭቃ ይዘው አጠገብሽ ይቀመጡ፤ እጃቸው ሲሠራ ሰው ቆሞ ያያል፣ የቆመ ሰው ደግሞ ዋጋ ይጠይቃል።

ለመጀመሪያው ዙር የሚሆነውን አፈር በዚህ ሳምንት ንፊ፤ ከገሉ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት መቆየት አለበት። ሎሚውንም አትርሺ።