ልጅ ሳህን ላጠበበት ይከፈለዋል?

የ9 ዓመት ልጅሽ ሳህን ላጠብኩበት ይከፈለኝ ካለችሽ፣ ለራሷ ሳህን አትክፈያት። ግን «እጠቢ» ስትያት «ስንት ዶላር?» ማለቷ ብልግና አይደለም። አሜሪካ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ቤት ውስጥ ሲያግዙ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ። ያየችውን ነው የጠየቀችሽ።

እኛ ቤት ለይተነዋል። የበላበትን ሳህን ማጠብ፣ አልጋውን ማንጠፍ፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ማዞር በነጻ ነው፤ የቤቱ ሰው ነዋ። መኪና ማጠብና በረዶ መጥረግ ግን ይከፈልበታል።

«በነጻ ማን ይሠራል?» ካለችሽ የጃፓን ልጆችን ንገሪያት። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ምሳም ነጭ ሽርጥ ለብሰው በተራ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። እኛስ አገር ቤት አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እየረጨን ክፍል በተራ እንጠርግ አልነበር?

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ያጠበችውን እያየችሽ ደግመሽ አትጠቢ። እኔ ልጄ ያጠበውን ብርጭቆ ወደ መብራት አንስቼ «ቅባቱ አልለቀቀም» ብዬ ደገምኩት። ሁለት ወር ሙሉ ማጠቢያው አጠገብ አልደረሰም። «አንቺ ታጥቢው የለ እንዴ!» ይለኛል። አሁን ቅባት ካየሁ፣ እሱ ሲተኛ ነው የማጥበው።