ኩፍኝ ቡድንህ ውስጥ ከገባ ደብዳቤ አትጠብቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ያ ክፉ ሰሞን ትዝ አለኝ። መሃል ሜዳ ከ15 ዓመት በታች ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ ብለሃል። አንዱ ልጅህ ትናንት ሰኞ ኩፍኝ ወጣበት። ከትናንት ወዲያ እሁድ ከሞላሌ ልጆች ጋር ተጫውታችኋል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ውድድር አለባችሁ። «የታመመውን አስቀርቼ ከቀሩት ጋር ልሂድ ወይ?» ነው ያልከው። አትሂድ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ኩፍኝ ምን እንደሆነ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። እኔ ዋጋ የከፈልኩበትን ልንገርህ።

1ኛ፦ ዛሬውኑ የሁሉንም ልጅ የክትባት ካርድ ሰብስብ። ከእኔ 18 ልጆች ካርድ ያመጡት 7 ብቻ ናቸው። የቀሩት እናቶች «ኧረ ተከትቧል፣ በዘመቻው ጊዜ» አሉኝ። የትኛው ዘመቻ? አይታወቅም። የኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ክትባት በአገራችን በመደበኛነት የተጀመረው በ2011 ነው፣ በ15 ወር የሚሰጠው። የእኛ ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ በዘመቻ ካላገኙ አብዛኞቹ ያላቸው የ9 ወሯ አንዷ ብቻ ናት። «ተከትቧል» የሚለውን ቃል እንዳለ አትቀበል።

2ኛ፦ ሰዓት ቁጠር። ይሄ ነው ዋናው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው።

እኛ ደብረ ብርሃን ነን። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እሁድ ልጆቹን በአንድ አባዱላ አጭቀን ለወዳጅነት ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ሜዳው ተይዞብን ያን ሳምንት ልምምድ አልነበረንም፤ የተገናኘነው እሁድ ነው። ግብ ጠባቂያችን ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል። ብርድ ነው አልን። ደብረ ብርሃን ላይ የማያስል ማን አለ? የጣርማ በርን ብርድ ታውቀዋለህ። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና እስክንደርስ መስኮት ጥርቅም አድርገን ነው የሄድነው። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ከልጁ ጋር አብረን ታፍነን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እናቱ ደወለች፤ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ ጎበዝ ናት። «ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ጀምሮ ያስተላልፋል። ከእሱ ጋር የዋሉት በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከተቡ ሊተርፉ ይችላሉ። ነገ ጠዋት ከወላጆቻቸው ጋር ይዘሃቸው ና» አለችኝ። በቃ፣ ያለችው ይሄን ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚል ቃል አልወጣትም።

እኔ ግን ብልህ ነኝና፣ ነገ አንዱ ልጅ በመርፌው ቢያተኩሰው በእኔ እንዳይመጣ ወረቀት ልያዝ አልኩ። ታዳጊዎችን የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ፀሐፊዋ ቀና ብላም አላየችኝ። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ማክሰኞ እንዲህ አለቀ። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊው ተገኙ። «አንተ ሐኪም ነህ? ሕዝብ ልታሸብር ነው?» ብለው ጮሁብኝ። ቀጥለው «በጽሑፍ አቅርብ» አሉ። ጻፍኩ። «የቡድኑ ማህተም የለበትም» ተባልኩ። ማህተሙ ገንዘብ ያዣችን ጋ ነው፣ ገንዘብ ያዣችን ጫጫ ለቅሶ ሄዷል! ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት፣ ቁጥር ወጥቶለት በእጄ ገባ። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ነርሷ ልታነበው እንኳ አልፈለገችም። ሰዓቱ ግን ረቡዕ አልፏል።

ሰውዬውን ስረግም ከርሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቢሮው ማንም ሳያስገድደኝ በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ።

3ኛ፦ ያልተከተቡት ልጆች መጨረሻ ከተገናኙበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ከቡድኑ ይራቁ። ልምምድም፣ ጨዋታም፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ መቀባበልም የለም። ይሄን ነርሷ ነግራኛለች። እኔ ግን አስር ቀን አልፎ ማንም ሳይታመም ሲቀር «አለፈልን» ብዬ በ13ኛው ቀን አሰለፍኳቸው። በማግስቱ ሁለት ልጆች ሽፍታ ወጣባቸው። አንዱ የሳንባ ምች ጨምሮበት ሆስፒታል ተኛ። ሌላው ቤት ውስጥ የ7 ወር እህት አለችው። ለክትባቱ ገና 2 ወር ይቀራታል። ያዛት። ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቷ ግን እስካሁን ሰላምታዬን የምትመልሰው በግድ ነው። ስለዚህ ካርድ ስትሰበስብ «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ነፍሰ ጡር አለች?» ብለህም ጠይቅ። እኔን ማንም አልነገረኝም።

የታመመው ልጅ ሽፍታው በወጣ 4 ቀን ካለፈው በኋላ አያስተላልፍም። ሩጫ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእኔ ግብ ጠባቂ ሜዳውን ዞሮ ለመጨረስ ወር ፈጅቶበታል። ጤና ጣቢያ መወሰዱን አረጋግጥ። ቫይታሚን ኤ በተከታታይ ሁለት ቀን ይሰጠዋል፣ ለዓይኑም ይጠቅመዋል። የእኛው ልጅ አያት «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ብለው ቤት ዘግተው፣ ቡና አፍልተው ሊያስቀሩት ነበር። እኔ ስጨቃጨቃቸው እንቢ አሉ፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ቡናውን አብራቸው ጠጥታ ነው ያሳመነቻቸው።

አሁን የልጆቹ ክትባት የተጻፈበት ደብተር አለኝ፣ የነርሷም ስልክ። ዘንድሮ ጉድፍ ሲገባብን በዚያው ቀን ልጁን አስቀረነው፤ ቁስሉ ሁሉ ቅርፊት እስኪይዝ አልተመለሰም። የያዘው ሌላ ልጅ አንድ ብቻ ነው። ዋንጫውንም በልተናል፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ወደ አንተ ልመለስ። ልጆችህ የተገናኙት እሁድ ከሰዓት ከሆነ ሰዓትህ ነገ ረቡዕ ከሰዓት ያልቃል። ከዚያ በፊት ልምምድ ከነበራችሁ ቀድሞ ጀምሯል፤ ቢሆንም ለቀጣዩ ይጠቅማቸዋልና ውሰዳቸው። ማንንም ፈቃድ አትጠይቅ፣ ወላጆችን ብቻ ይዘህ ሂድ። ቅዳሜ ካርዱ ላይ ሁለት ክትባት ያለው ወይም ከዚህ በፊት ኩፍኝ የወጣለት ልጅ 11 ካልሞላልህ ይቅርባችሁ።

ለሞላሌው አሰልጣኝም ዛሬ ማታ ደውልለት። እኔ ለሸዋ ሮቢቱ የደወልኩት አርብ ነበር። የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።