«እሱ ሲመጣ የበለጠ ያመኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የልጅነት ጓደኛዬ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጪ ሆነው እጥበት ጀምሯል። ሙዝና ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ሳየው አላስችል አለኝ፤ «ወይኔ ወንድሜ፣ እንዲህ ሆነህ ልይህ?» ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ለሚስቱ «እሱ ሲመጣ የበለጠ ያመኛል» ብሏታል። ያዘንኩት እኮ ከልቤ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከልብህ ማዘንህን አልጠራጠርም። ግን እጥበት ክፍል ስሠራ ብዙ ጊዜ ያየሁትን ልንገርህ። ጠያቂ ሲያለቅስ የሚያጽናናው ታማሚው ነው። 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ቆይቶ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ «አረ ደህና ነኝ፣ አይዞህ» ይላል። ጠያቂው ቀለል ብሎት ይወጣል። እሱ ደግሞ ደክሞት ይተኛል።

ሙዝና ብርቱካኑንም ሳላነሳ አላልፍም። ሁለቱም ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይበዛባቸዋል። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ደሙ ውስጥ ሲከማችበት የልብ ምቱን ያዛባበታል። አልፈርድብህም፤ አገሩ ሁሉ ለታማሚ የሚይዘው ይህንኑ ነው። ግን አስቀድመህ «ምን ተከለከልክ?» ብትለው ኖሮ ውኃ እንኳ በልክ እንደሚጠጣ ይነግርህ ነበር።

አንድ መምህር ታካሚ ነበሩን። ጠያቂያቸው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ይወጣል። አንድ ባልደረባቸው ግን የፈተና ወረቀት ተሸክሞ ይመጣና አብረው ያርማሉ፤ መምህሩ በአንድ እጃቸው። ደግሞ ይጨቃጨቃሉ! «ለዚህ ልጅ ግማሽ ነጥብ ስጠው።» «በምን ሒሳብ?» ማሽኑ ሲጮህ ነው ሰዓቱ ማለቁ ትዝ የሚላቸው። ሰውዬው «አይዞህ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። መምህሩ ግን እሱ በሚመጣበት ቀን ጢማቸውን ተላጭተው ነው የሚጠብቁት።

የአንተ ጓደኛ ከመታመሙ በፊት ስለ ምን ነበር የምታወሩት? ስለ ኳስ? ስለ ሥራ? ስለዚያው አውራ። ቢያናድድህ ተናደድበት፣ አትለማመጠው።

አሁን በስልክ አትጨቅጭቀው። ለሚስቱ ደውልና የእጥበት ቀኖቹን ጠይቃት። በሳምንት እስከ ሦስት ቀን መመላለስ ለቤተሰብም ከባድ ነው፤ አንዱን ቀን አንተ አድርሰህ መልሰው። ሲወጣ ስለሚዝል መንገድ ላይ ብዙ አታስወራው። መርፌ በሚገባበት ክንዱም ዕቃ እንዳይሸከም፣ ቦርሳውን አንተ ያዝለት።