ጤነኛው ፕሪዮን ፕሮቲን ሥራው ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ «ፕሪዮን ሲበላሽ አንጎል እንደሚያጠፋ ሁሉም ያወራል፤ ጤነኛው ግን ሴል ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» ብለሃል። ላብራቶሪ ውስጥ ከዚህ ፕሮቲን ጋር ብዙ ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል።

ከመዋቅሩ እንጀምር። የሰው ፕሪዮን ፕሮቲን መጀመሪያ 253 አሚኖ አሲድ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ 208 ይቀራል። ግማሹ በደንብ የታጠፈ ነው፦ ሦስት አልፋ ሄሊክስ (ጥምዝምዝ ክፍል)፣ ሁለት አጫጭር ቤታ ስትራንድ (የተዘረጋ ክፍል)። ሌላው ግማሽ ቋሚ ቅርጽ የሌለው ልቅ ጅራት ነው። መዳብ የሚይዙት ተደጋጋሚ ክፍሎች እዚያ ጅራት ላይ ናቸው።

የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ አያልፍም። ጂፒአይ በተባለ የስብ መልህቅ ከውጭ ተንጠልጥሏል። ፒአይ-ፒኤልሲ የተባለውን ኢንዛይም ሴሎቹ ላይ ብትጨምር መልህቁ ይበጠስና ፕሮቲኑን ፈሳሹ ውስጥ ታገኘዋለህ። ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ላይ ደግሞ አንድ መስመር ስትጠብቅ ሦስት ይወጣልሃል። ስኳር የሚለጠፍበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንዳንዱ ሁለቱንም ይዟል፣ አንዳንዱ አንዱን፣ አንዳንዱ ምንም። ጀማሪ ሁሉ «ናሙናዬ ተበላሸ» እያለ የሚሯሯጠው እዚች ላይ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1992 ጂኑ የጠፋላቸው አይጦች ደህና ሆነው ማደጋቸው ታወቀ። በዓመቱ የፕሪዮን በሽታ ሲሰጣቸው አልያዛቸውም። ኖርዌይ ውስጥም ፕሮቲኑ በተፈጥሮ የሌላቸው ጤነኛ ፍየሎች ተገኝተዋል። ታዲያ ለምን አስፈለገ?

ለእኔ ጠንካራው መልስ ማይሊን፣ ማለትም ነርቭን የሚሸፍነው የስብ ልባስ፣ ነው። ጂኑ የሌላቸው አይጦች ዕድሜያቸው ሲገፋ ከአንጎል ውጭ ያሉት ነርቮቻቸው ማይሊናቸውን ያጣሉ፤ ይህ በ2010 ታተመ። በ2016 ደግሞ መንገዱ ተገለጠ። ከነርቭ ሴሉ ላይ ተቆርጦ የሚወጣው ጅራት ማይሊኑን የሚሠራው ሽዋን ሴል ላይ ያለውን ኤዲጂአርጂ6 የተባለ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ያ ቅርጽ የለውም ያልነው ጅራት ማለት ነው!

መዳብ ማመላለስ፣ ሴሎችን ማያያዝ፣ እንቅልፍ... የተባለለት ብዙ ነው። እኔ ቶሎ አልቀበልም። የድሮዎቹ አይጦች ከሌላ ዝርያ ጋር ሲዳቀሉ ከፕሪዮን ጂኑ ጋር ጎረቤት ጂኖችም ተከትለው መጥተዋል። ፕሮቲኑ ሴሎች የሞቱ ሴሎችን እንዳይውጡ ይገታል የተባለው ነገር የጎረቤቱ ጂን ሥራ መሆኑ በ2013 ተረጋግጧል። ስለዚህ ጥናት ስታነብ መጀመሪያ የአይጡን ዓይነት እይ። ከ2016 ወዲህ ፕሪዮን ጂኑ ብቻ ተነክቶ ሌላው ያልተቀየረ አይጥ አለ። የማይሊኑ ጉዳት በእሱም ላይ ታይቷል።