የንጉሥ ልጅ ሆኖ ባይገኝስ?

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳነብ የኖርኩ አርታኢ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣት ደራስያን ጽሑፋቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ፤ ሲመጡ ደስ ይለኛል። በቅርብ ዓመታት ከማነባቸው ብዙዎቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በምናብ የተፈጠረ አገር አለ፤ ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ፤ በግቢው ውስጥ ማንም የማይፈልገው አንድ ልጅ አለ። ልጁ ከፈረሶች ጋር ያድራል፤ ይሰደባል፤ ይገረፋል። እሱ ራሱ የማያውቀው ኃይል በውስጡ ተኝቷል። ከአራት መቶ ገጽ በኋላም የንጉሡ ልጅ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ሰፊ ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ መነሣታችሁ ያኮራኛል። የምለምናችሁ ስለዚያ መጨረሻ ነው። ልጁ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሲገኝ የበደሉት ሰዎች ጥፋት ምን ሆኖ ይቀራል? “ማን እንደሆነ ብናውቅ ኖሮ አናደርገውም ነበር” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጥፋታቸው ሰው መናቃቸው መሆኑ ቀርቶ ሰው መሳሳታቸው ብቻ ይሆናል። እውነተኛ የቀጥቃጭ ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን ጅራፉ ይገባው ነበር ማለት ነው። ከልጁ ጋር ሲያለቅስ የቆየውን አንባቢ በመጨረሻዋ ገጽ ከገራፊዎቹ ጋር ታስማሙታላችሁ።

መንገዱ የቆየ መሆኑን አውቃለሁ። በክብረ ነገሥት ያለ አባት ያደገው ልጅ አባቱን ፍለጋ ሲሄድ እናቱ የንጉሡን ቀለበት ምልክት አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ሕዝቡ ግን ቀለበቱን ሳያይ ገና በመልኩ ያውቀዋል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ዘርን ለማጽናት ስለሆነ እንዲህ ማለቁ ተገቢ ነው። የእናንተ መጽሐፍ ግን የተነሣው ስለ ተገፋ ልጅ ነው።

ስለ ካሳ ኃይሉ አስቡ። በጎንደር መኳንንት ዘንድ “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እየተባለ ተናቀ። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶም ንቀቱ አልቀረለትም። በ1840 ዓ.ም. ከግብፆች ጋር ደባርቂ ላይ ተዋግቶ በቆሰለ ጊዜ ሐኪሙ ለሕክምናው ሰንጋና ቅቤ ጠየቀ፤ እቴጌ መነን ግን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩለት ተብሎ ይተረካል። ካሳን ወደ ሸፈታበት በረሃ የመለሰው ይህ ነው ይባላል። ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ በተማረከ ጊዜም ካሳ ኮሶ አስጠጣው ይባላል። ደራሲ ከሆናችሁ በዚያች ብልት ሥጋ ላይ ሙሉ ምዕራፍ ትጽፋላችሁ። ማን ቆረጣት? ማን ተሸክሞ መጣ? ያመጣው አሽከር ዓይኑን ወዴት አደረገ? ሥጋውን የላኩት የገዛ አያቷ እቴጌ መነን መሆናቸውን እያወቀች ተዋበች ስታየው ምን አለች?

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ከነገሡ በኋላ ግን እሳቸውም የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለት አስፈለጋቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ። በክንዳቸው ዙፋን የያዙ ሰው በመጨረሻ የሰዳቢዎቻቸውን መለኪያ ተቀበሉ። ታሪክ እንዲህ አለፈ፤ እናንተ ግን ልብ ወለድ ነው የምትጽፉት።

ቤተ መንግሥታችሁንም ልንካው። ግድግዳው ወርቅ፣ ወለሉ ዕብነ በረድ ነው፤ የሚኖርበት ሰው ግን አይታየኝም። የነገሥታቱ ግቢ ከሁሉ በፊት የመጠበቂያ ቦታ ነበር። ደጅ ጥናት የሚባል ነገር የነበረን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለጉዳይ ስንቁ እስኪያልቅ፣ ልብሱ እስኪነትብ በእልፍኝ አስከልካዩ ፊት ይቆማል። ግብር ሲገባ ማን ከመጋረጃው ውስጥ እንደሚበላ፣ ማን በስንተኛው ዙር እንደሚገባ፣ የትኛው ብልት ለማን እንደሚደርስ፣ የትኛው ጠጅ ለማን እንደሚቀዳ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተገፋ ልጅ ለመግፋት ጅራፍ አያስፈልግም።

ትልቅ ሰው ሲጠጣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት አሽከሮች ሸማ ዘርግተው ይጋርዱት ነበር። ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ይፈራ፣ ይገለል ነበር። እነዚህን ሁለት ልማዶች አንድ አዳራሽ ውስጥ አገናኟቸው። የቀጥቃጩ ልጅ የሞረደውን ጦር ሊያስረክብ ገብቷል። ንጉሡ ዋንጫ አነሡ፤ ሸማው ተዘረጋ። የተናገረ የለም፤ የመታውም የለም። ያ ነጭ ጨርቅ ዛሬ በማን ምክንያት ከወትሮው ከፍ ብሎ እንደተዘረጋ ግን ልጁ ያውቃል። ይህን ገጽ በሚገባ ከጻፋችሁ ሦስት የግርፋት ምዕራፎች መሰረዝ ትችላላችሁ።

ስለ አስማቱ ብዙ አልልም። እጅ ሲዘረጋ እሳት የሚወጣበትን ብዙ አንብቤ ሰልችቶኛል። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር፦ አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ በገመድ እየተያዘ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ኋላ ተከለከለ። ኃይሉ በልጁ ሰውነት ያልፋል እንጂ የልጁ አይደለም፤ ሲነቃ ማንን እንዳስፈረደበት አያውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ ከዘንዶ ጋላቢ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ያስነብበኛል።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ሀብታችሁ እዚያ ስላለ። ከላይ ስለ ካሳ ስጽፍ “ተናቀ” አልኩ፤ ስለ ቴዎድሮስ ስጽፍ “ነገሡ” አልኩ። ሰውየው አንድ ነው። አስቤበት አልነበረም፤ አማርኛው ራሱ እጅ አስነሣኝ። አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሳቸው እያለ ግሡ ሁሉ ማዕረግ የሚለብስበት ቋንቋ ይዛችሁ፣ በረቂቆቻችሁ ግን ሁሉም ሰው ሁሉንም “አንተ” ይላል። ረቂቃችሁን አውጡና ልጁ የተጠራበትን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩበት። ማን አንተ አለው? ማን በስሙ ጠራው? “ይኼ” ያለው ማን ነው? የልጁ ታሪክ በእነዚያ መስመሮች ላይ ካልታየ ገና አልተጻፈም።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ወጣት ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ከሃያ ዓመት በፊት የቀጥቃጭ ልጅ ታሪክ ይዞልኝ መጣ። ልጁ በመጨረሻ አይነግሥም፤ የግቢው ባለሙያ ሆኖ ይቀራል። እኔ “አንባቢ ከዚህ በላይ ይፈልጋል፤ የንጉሡ ልጅ ይሁን” አልኩት። እሱም እምነት ጥሎብኝ ለወጠው፤ መጽሐፉ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጽሑፍ አላመጣልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያስሰረዝኩትን ገጽ ግን አልረሳሁትም። ልጁ ያደሰውን የበር መቀርቀሪያ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ “ወዲያ በል” ሲለው የኖረው አጋፋሪ ቀና ብሎ ሳያይ “ይግቡ” አለው። ከዚያ ቀና አለ፤ አየው፤ “ግባ” ብሎ አረመ። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ ገብቶ ነበር።