የጌጥ ጥያቄና መልስ፦ የሮማ ሳንቲም በወርቅ ማቀፊያ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሮም ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት በቅርቡ አርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት አንድ የወርቅ ፔንዳንት ሰጥተውኝ ነበር። ወርቁ 750 የሚል ማህተም አለው። መሀሉ ላይ የጠቆረ የብር ሳንቲም አለ፤ በአንድ በኩል ጢማም ሰውዬ፣ በሌላ በኩል ክንፍ ያላት ሴት። የልጅ ልጃቸው ጽሑፉን «ሴቬረስ ፒየስ አውግ»፣ ጀርባውን ደግሞ «ቪክት ፓርት ማክስ» ብሎ አነበበልኝ። ወርቅ ቤት ባሳይ «ፖሊሽ አድርገን ቀለበት ላይ እንበይድልሽ» አሉኝ። እውነተኛ ነው? ላስበይደው?
— አስታማሚዋ፣ ከሮም

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታስበይጂው! ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ጢማሙ ሰውዬ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው። ሮምን ከ193 እስከ 211 እ.ኤ.አ. ገዝቷል። የተወለደው ዛሬ ሊቢያ በምንለው አገር፣ ሌፕቲስ ማግና በምትባል ከተማ ነው፤ የአህጉራችን ልጅ ማለት ነው። ክንፍ ያላት ሴት የድል አምላክ ናት። የቅጠል አክሊልና የዘንባባ ዝንጣፊ ይዛለች። ሴቬረስ በ198 የፓርቲያን (የጥንቱን የፋርስ መንግሥት) ዋና ከተማ ክቴሲፎንን ያዘ፤ «ቪክት ፓርት ማክስ» የሚለውም ያንኑ የፓርቲያ ድል ነው፤ በየሰው ኪስ አስገባው። ሳንቲሙ ዴናሪየስ ይባላል፣ ክብደቱም ከ3 ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። «ንጹህ ብር ነው» የሚልሽ ካለ አትመኚው። ሴቬረስ የወታደሩን ደመወዝ ሲጨምር የሳንቲሙን ብር በርዞ ወደ ግማሽ ገደማ አውርዶታል። መንግሥታት ጸባያቸው የቆየ ነው!

በደብዳቤ ብቻ «እውነተኛ ነው» ብዬ አልምልልሽም። ግን ማጉያ መነጽር ያዢና ጠርዙን እዪ። ዴናሪየስ አንድ በአንድ በመዶሻ የተመታ ነው። ስለዚህ ልክ ክብ አይሆንም፤ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ይላል፤ ጠርዙም አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ቀልጦ በፎርማ የፈሰሰ ፎርጂድ ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አሉት። ሮማውያንም በዘመናቸው አታላይ አላጡም፤ ውስጡን መዳብ፣ ላዩን ብር ያደርጉት ነበር። የሆነ ቦታ ተልጦ ቀይ ነገር ብቅ ካለ ጠርጥሪ።

አሁን ገልብጪውና ማቀፊያውን እዪ። ወርቁ ሳንቲሙን በትንንሽ ጥፍሮች ወይም በታጠፈ ቀጭን ጠርዝ ብቻ የያዘው ከሆነ፣ የሠራው አንጥረኛ ሥራውን ያውቃል። ሮም ውስጥ በሠራሁበት ወርክሾፕ ለጥንት ሳንቲም የተዘጋጀ ማቀፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። የአንዱ ሳንቲም ጎን ወፍራም፣ የሌላው ስስ ነውና እያንዳንዱ ለብቻው ይለካል። በልኩ ከመዳብ ቆርጠን ወርቁን በመዳቡ ላይ እንሠራለን። እሳት የሚነካው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እውነተኛው የሚገባው። ጥፍሩን ስናጥፍ ማንም አያወራም። 1,800 ዓመት ያስቆጠረ ብር ይደርቅና ትንሽ ከተጫኑት እንደ ብስኩት ቀጭ ሊል ይችላል።

ብየዳው ደግሞ ጠባሳ ይተውበታል። ሰብሳቢዎች የብየዳ ምልክት ያለበትን ሳንቲም ገና ሲያዩት ያውቁታል፤ ዋጋውም ወዲያው ይወርዳል። ፖሊሹም አይሻልም። ምስሉን አጉልቶ የሚያሳይሽ እኮ በየጎድጓዳው የተኛው ጥቁረት ነው። የሴቬረስን የጢም ጥቅልሎች ማሽን ላይ ካስወለወልሻቸው፣ አገጩ የተላጨ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰውዬ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ማጽዳት ካስፈለገ ወርቁን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ብር ማጽጃ ፈሳሽ አታስጠጊው፤ ሽቶም ከለበስሽው በኋላ አትርጪ።

ቀለበትም አልመክርሽም። እጅ ከበር፣ ከድስት፣ ከአልጋ ብረት ጋር ይጋጫል፤ ሥራሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። አንገት ላይ ይቆይ።

ዋጋውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳታስቢው አትቀሪም። የሴቬረስ ዴናሪየስ በብዛት ያለ ነው። ተራው ከአሥሮች ዩሮ እስከ መቶ ምናምን ይሸጣል። ያንቺ ባለ 18 ካራት (750 ማለት እሱ ነው) ማቀፊያ ከሳንቲሙ ሳይበልጥ አይቀርም። ቪያ ኮንዶቲ በሚባለው መንገድ ላይ በጌጥ ቤቱ በቡልጋሪ መስኮት ውስጥ የምታዪው ዋጋ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡልጋሪ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥንት ሳንቲም በወርቅ እያቀፈ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም የሳንቲሙን ማንነት ማቀፊያው ጀርባ ላይ ይቀርጸዋል። ከእነሱ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ አንጥረኞቹ የካስቴላኒ ቤተሰብ ሠርተውታል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ራሳቸው ሮማውያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅ ሳንቲም በተፈለፈለ ወርቅ አቅፈው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ወደኛ አካባቢም ደርሷል። በ1963 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ውስጥ ሰንዓፈ አጠገብ፣ መጠራ ላይ አንድ የነሐስ ማሰሮ ተገኘ። ውስጡ የወርቅ መስቀሎች፣ ሰንሰለቶችና ዶቃዎች ነበሩ፤ አብረውም 14 የሮማ ሳንቲሞች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኢጣሊያ ውስጥ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አሮጌ ደረሰኝ ካላቸው ለምኚና ውሰጂ። ስጦታ መሆኑንም ወራሾቹ ጽፈው ይፈርሙልሽ። ዛሬ ፈገግ የሚል ወራሽ ነገ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ሮም ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ጠቅልለሽ ወደ አገር ቤት ከመውሰድሽ በፊት ደግሞ የኢጣሊያ ባህል ሚኒስቴርን የኤክስፖርት ቢሮ ጠይቂ።

ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ የሮማ ነሐስ ሳንቲም ያለበት ቀለበት ገዛሁ። አሁን ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት እያወጣ ነው። ብጠርገውም ይመለሳል።
— ከለንደን

ወንድሜ፣ ቶሎ አውልቀው። «የነሐስ በሽታ» ይሉታል። መሬት ውስጥ ሳለ የገባበት ጨው እርጥበት ባገኘ ቁጥር ነሐሱን ይበላዋል። ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ቢሆን ጤናማ ነበር፤ ዱቄቱ ነው መጥፎው። እጁን በቀን ስንቴ ለሚታጠብ ሰው ነሐስ ቀለበት ላይ ማድረግም የሻጩ ጥፋት ነው። የጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጠው፤ ከሌላ ነሐስ ጋር አታቀላቅለው። ከዚያ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ዘንድ ውሰደው። ገንዘብህንም ጠይቅ።

አያቴ የተዉልኝን ጠገራ ብር ጉትቻ ባደርገውስ?
— ከአዲስ አበባ

በጠገራ ያን ያህል አልጨነቅም፣ ልጄ። ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው ማርያ ትሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው የወጣው። ስለዚህ ብርቅ አይደለም። በአገራችንም ስንቱ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። ግን አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ጆሮሽን ይዘነጥለዋል። ለአንገት አድርጊው። የቀድሞ ሰው ማንጠልጠያ በይዶበት ከሆነ እሱኑ ተጠቀሚ፤ ከሌለው አንጥረኛ ዘንድ ሄደሽ በጥፍር አሳቅፊው። ሰንሰለቱንም ወፈር አድርጊው፤ ቀጭኑ አይችለውም።